ጎባጣ እንጨት ፍለጋ፦ ከሆሳዕና እስከ ሐምበሪቾ ግርጌ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ ጓሮ ያለማል፣ አለዚያም የዕድር ዳኛ ሆኖ ይጠመዳል። እኔ በስድሳ ስድስት ዓመቴ የገና ዱላ መሥራት ጀመርኩ። ሥራዬ ነርስነት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌና መቀስ እንጂ መጥረቢያ ይዤ አላውቅም። ነገሩን የጀመረብኝ የልጅ ልጄ ነው።

ልጁ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በ2016 ዓ.ም. ለገና ከእናቱ ጋር ሆሳዕና እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ከምሳ በኋላ ቡና እየተፈላ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስላደግሁበት መንደር አወራሁለት። ታላቅ ወንድሜ ዱላውን ራሱ ሠርቶ፣ ሜዳው እስኪጨልም ሲጫወት እንደሚውል ነገርኩት። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ፤ ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም «እማማ፣ ለእኔም ሥሪልኝ» አለ።

እናቱ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «እማዬ፣ አንቺ ስንት ሰው ራስ ሰፍተሽ፣ አሁን ለልጄ ዱላ ልታቀብዪው ነው?»

እውነቷን ነው። በ1971 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈቃድ የሚባል ነገር አይታሰብም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቅንድቡ የተተረተረ፣ ቅልጥሙ ያበጠ፣ ጣቱ የተቀጠቀጠ ወንድ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ግንባራቸውን እየሰፋሁላቸው ስለ ጨዋታው ያወራሉ፤ «ማን አገባ?» ብለው የሚጠይቁኝም ነበሩ። እኔም ቁስሉን ባልወደውም ደስታቸው ይጋባብኝ ነበር።

ለማታውቁት ልጆች በአጭሩ ልንገራችሁ። ገና ጫፉ በጎበጠ ዱላ፣ ሩር ወይም ጥንግ የምትባለውን ድቡልቡል ወደ ባላጋራ ወገን እየመቱ የሚወስዱበት ጨዋታ ነው። ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች፣ አለዚያም ከጠፍር ትሠራለች። ሕዝቡ ጨዋታውን እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በዱላቸው ከጨፈሩበት ደስታ ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ቀን ባለማዕረግና ተራ ሰው እኩል ይጋፋሉ፣ የተመታም አይቀየምም። በገጠር የሜዳውም የሰውም ልክ አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ገና እንደ ትግል፣ እንደ ገበጣና እንደ ፈረስ ጉግስ ሁሉ ደንብ ወጥቶለት በባህል ስፖርት ውድድር ላይ ይቀርባል።

እኔ በልጅነቴ አልተጫወትኩም። የሴት ልጅ ድርሻ ዳር ቆሞ የወንዶቹን ጋቢ መጠበቅ ነበር። የወንድሜን ጋቢ ታቅፌ፣ እሱ ሲመታ በሐሳቤ አብሬው እመታለሁ። ወንድሜ በ1969 ዓ.ም. ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ አልተመለሰም። ፎቶግራፍ የለውም። ዱላው ማድ ቤቱ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በአንድ ክረምት እንጨት አልቆ እናቴ ሳታውቅ ማገደችው። ስትነግረኝ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ይሰማኛል። ስለዚህ ልጁ «ሥሪልኝ» ሲለኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ሰፈራችን ወዳለ አናጢ ሄድኩ። ቅርጹን በወረቀት ስዬ ሰጠሁት። እሱም ከባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ በማግሥቱ አስረከበኝ። ሲያዩት ያምር ነበር። ልጁ ጓሮ ወስዶ የወደቀ ሎሚ በእሱ ሲመታ ግን ገና በሦስተኛው ምት ከጉብጠቱ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአናጢው አልነበረም፤ ያዘዝኩትን ሠርቶልኛል። ልጁ ስብራቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። እኔም እልህ ያዘኝ።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዬ ትንሽ ልበል። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ማለዳዋ ቀዝቃዛ ነው። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ከዚያ ወስዷል። እኔ በ1973 ዓ.ም. ተዛውሬ ስመጣ ክረምት ላይ ጭቃው ቦቲ ጫማ ውጦ የሚያስቀር ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። ባለፎቁ ቤት በዝቷል። ከፎቆቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተው ከሚነግዱ ልጆች በተላከ ገንዘብ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚሁ አገር ሰው ነበር። እኔም በዚያው ቀረሁ።

የተሰበረውን ዱላ ይዤ የሄድኩት ገበያው ዳር የእርሻ ዕቃ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። የመጥረቢያና የዶማ እጀታ፣ ሞፈር፣ እርፍና ቀንበር ይሠራሉ። ለብዙ ዓመት የደም ግፊታቸውን የለካሁላቸው ሰው ናቸው፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይሉኛል። ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ሳቁ።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ በቁሙ የሞተ ነው። ጅማቱን እዪው» አሉኝ።

አየሁት። በጣውላው ላይ የእንጨቱ ጅማት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዱላው ሲታጠፍ ጅማቱ ግን አብሮት አልታጠፈም፤ እንዲያውም በመጋዝ ተቆርጦ ቀርቷል። ስለዚህ ጉብጠቱ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። በሰው እጅ ላይ ጅማት ተቆርጦ ቆዳው ብቻ ቢሰፋ ማለት ነው፤ መልኩ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ግን አይመለስም። ይህን እኔ ሳላውቀው መቅረቴ ገረመኝ።

አባባ አንድ እርፍ አንሥተው አሳዩኝ። ገበሬ በእጁ የሚይዘው ጎባጣው ክፍል ነው። «ይሄን እኔ አላጎበጥኩትም፤ ጎብጦ አድጎ ነው ያገኘሁት። የእኛ ሥራ ግማሹ መጥረብ ነው፣ ግማሹ መፈለግ።»

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የአባባ ብቻ ዕውቀት አይደለም። አየርላንዶች ኸርሊንግ የሚባል፣ ከእኛ ገና ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ አላቸው። ዱላውን የሚያወጡት አሽ ከሚባል ዛፍ ግንድ ከታችኛው ክፍል፣ ወደ ሥሩ ከሚሰፋበት ቦታ ነው። ምክንያቱም እዚያ ላይ ጅማቱ ራሱ ይታጠፋል። የጎልፍ ዱላ ሠሪዎችም በእንጨቱ ዘመን ጅማቱ ቀጥ ያለና የሚተጣጠፍ ሂከሪ የተባለ የአሜሪካ እንጨት እየመረጡ ዘንጉን ይሠሩ ነበር። ጨዋታው ባደገበት በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ክለብ የብረት ዘንግን የፈቀደው እንደ ፈረንጆቹ በ1929 ነው። ብረት ሲመጣ እንጨት መራጩ ሥራ ፈታ። በእኛ አገር ግን መራጩ ገና አለ፤ የጠፋው ተማሪው ነው። የአባባ ልጅ ሙያውን ትንሽ ጀምሮ ነበር፤ እሱም እንደ ጓደኞቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ገንዘብ ይልካል፣ ቤትም አሠርቶላቸዋል። «ቤቱ ጥሩ ነው። የሚይዘኝ ሥራ ግን የለውም» አሉኝ አባባ።

«ጎብጦ ያደገ የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተዳፋት ላይ። ሜዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ቀጥ ይላል። ገደል ላይ የበቀለ ግን አፈሩ ወደ ታች ሲገፋው እሱ ወደ ፀሐይ ይቀናል፤ ከሥሩ ይጎብጣል። ከምባታ እንሂድ።»

የካቲት ውስጥ በአንድ ማለዳ ሁለታችን በሚኒባስ ወደ አንጋጫና ዱራሜ ተነሣን። አባባ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናቸው። መንገዱ ለእኔ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ የክትባት ፕሮግራሙ ገና ሲስፋፋ፣ የበረዶ ሣጥን በትከሻዬ አንግቼ በእነዚህ ቀበሌዎች በእግሬ ዞሬአለሁ። ያኔ የማየው በረዶው እንዳይቀልጥ ሰዓቴን፣ ከዚያም የሕፃናቱን ክንድ ነበር። አሁን መጀመሪያ ጊዜ ዛፍ ዛፉን እያየሁ ሄድኩ። ወገኖቼ፣ አገሩ እንዴት ያምራል! በየጎጆው ዙሪያ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ይታያል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከደጅ ደግሞ የከብት መስክ። በደጋው ላይ ቤት ቤትን ይነካል፣ መሬት ጠቦ የተራራው ወገብ ድረስ ይታረሳል። ወጣቱ ለምን እግሩን እንደሚያነሣ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል።

ዱራሜ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት። በላይዋ ሐምበሪቾ ተራራ ቆሟል፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጎብኚ የሚወጣባቸው 777 ደረጃዎች አሉት፤ ቁጥሩም የተራራው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ወጣቶች እየሮጡ ሲወጡ አየሁ። እኔ ጥቂቱን ወጥቼ ጉልበቴ «ይበቃሻል» አለኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ የታችኛው አገር እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ይታያል።

እንጨቱን የፈለግነው ከተራራው ደን አይደለም። አባባ ከጫካ መቁረጥን ይጸየፉታል፤ ሕጉም አይፈቅድም። በግርጌው የሚኖር አንድ የሚያውቁት ገበሬ ዘንድ ወሰዱኝ። በማሳው ድንበር ላይ፣ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ጥቂት ወጣት ወይራዎች አሉ። ለድንበር ካቆየው ላይ ማሳውን የሚያጠላበትን ሊያወጣ ነበር። አባባ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ከሥሩ ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከታች፣ ግንዱ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ እንደ ክርን የታጠፈ ጉብጠት ብቅ አለ።

ደነገጥኩ። የወንድሜ ዱላ ጉብጠት ቁርጥ ይህንኑ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በእሳት አጉብጦት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ከመንደራችን በታች ወዳለው ቁልቁለት ከከብት ጋር ሲወርድ የሚያመሸው ይህን ሲፈልግ ኖሯል። እናቴ ሁልጊዜ «ይህ ልጅ ከብት ያስጠፋብኛል» ስትለው እሰማ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ የቀረውን አንድ ነገር ስለ ወንድሜ ያን ቀን ዐወቅሁ።

ሁለት እንጨት ተቆረጠልን። ገበሬው ብዙም ዋጋ አልጠራም፤ ይልቁን ሳንበላ አንሄድም አለ። ሚስቱ በቅቤ የራሰ የቡላ አተካና አቀረበችልን። ስትሰጠኝ ትኩር ብላ አይታኝ «ልጅ ሆኜ የወጋሽኝ ሲስተር አይደለሽም?» አለችኝ። ክንዷን ገልጣ የክትባቱን ጠባሳ አሳየችኝ። እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም። «ነኝ» አልኳት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። እናንተም የምትሞክሩት ካላችሁ፣ አባባ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። እንጨቱ በበጋ ይቆረጣል። ከሚፈለገው ልክ በሁለቱም ጫፍ ስንዝር ስንዝር ይተረፋል፣ ምክንያቱም መሰንጠቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ጫፎቹ ቶሎ እንዳይደርቁ እበት ይለቀለቃሉ። ዘንጉ ከተጣመመ ገና እርጥብ ሳለ እሳት ላይ ዞር ዞር ተደርጎ ይሞቅና፣ በችካሎች መካከል ተወጥሮ ይታሰራል። ጉብጠቱ ግን አይነካም። ከዚያ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ቢቻል ጭስ ባለበት ማድ ቤት ቆጥ ላይ፣ አንድ ክረምት ይከርማል። በፀሐይ የተጣደፈ እንጨት ይሰነጠቃል።

የእኔዎቹ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ተሰቅለው ከረሙ። በመስከረም ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሲያከብር እንግዶቼ ሁሉ ቀና እያሉ «ሲስተር፣ ያ ምንድን ነው?» ይሉኝ ነበር።

ኅዳር ላይ መጥረብ ጀመርኩ። በመጥረቢያ አገዳደፉን፣ በቢላዋ ቅርጹን፣ በስባሪ ጠርሙስ ልስላሴውን። ጠርሙሱ ላይ ጓንት አድርጉ፤ እኔ ሳላደርግ ቀርቼ አውራ ጣቴን ተርትሬ በግራ እጄ ራሴን አክሜአለሁ። ወይራ ከባድ ስለሆነ የምትጠርቡለትን ልጅ አንጓ አስቡ። ከጎባጣው ራስ ብዙ ካልተቀነሰ ዱላው ልጁን ይመራዋል እንጂ ልጁ ዱላውን አይመራውም። እየጠረብኩ በጣቴ ላይ አጋድሜ ሚዛኑን እለካ ነበር። ቁመቱን ከመሬት እስከ ልጁ ዳሌ አደረግሁት፤ ልኩን እናቱ በስልክ ለክታ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ የኑግ ዘይት አጠጣሁት፤ መያዣውን ደግሞ እንዳያንሸራትት በብስክሌት ከመነዳሪ ጠመጠምኩት።

ሁለተኛው እንጨት አልሆነም። ጉብጠቱ ለገና ትንሽ ነበር፤ ሩሯን አይዝም። ልጥለው ስል አባባ ሊያዩኝ መጡ፣ እጃቸውን በግድግዳው ላይ እየተደገፉ። ያኔ የእኔ ሙያ ትዝ አለኝ። ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፣ እጃቸውን እንዲያወርዱ ነገርኳቸው። ምርኩዝ ጫፉ ከእጅ አንጓ ላይ ካለው መስመር ጋር መስተካከል አለበት፣ ያን ጊዜ ክርን በመጠኑ ታጠፍ ይላል። ከዚያ ከረዘመ ትከሻን ያነሣል፣ ካጠረም ወገብን ያጎብጣል። ቆረጥኩት፣ ከታች የጎማ ቆብ አለበስኩት። «በሚያምዎት በኩል አይያዙት፤ በደኅናው በኩል ባለው እጅዎ» አልኳቸው። ሕመምተኛ ሁሉ በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው፤ አባባም ተከራከሩኝ። ጥቂት ተራምደው ግን ዝም አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩኝ ቆይተው፣ ይህችን ብቻ እኔ አስተማርኳቸው።

ቀሪው ነገር ልጄን ማሳመን ነበር። ተደራደርን። ሩሯ የእንጨት አትሆንም፤ ጨርቅ ሞልቼ በቆዳ ሰፋኋት። ስፌቱማ ሙያዬ ነው። ዱላ ከጉልበት በላይ የሚያነሣ ከጨዋታ ይወጣል። ቅልጥም ላይ የእግር ኳስ መከላከያ ይታሰራል። «ወንድሜ ይህን ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር» አልኳት። «አጎቴ ነርስ አልነበረም» አለችኝ።

በ2017 ዓ.ም. ገና፣ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ፣ ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ የሰፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ። ዱላ ያለው የእኔ ልጅ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ካገኙት እንጨት ሁሉ ጎባጣ ጎባጣውን ይዘው መጡ። በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት ቤት ያደጉት አብረው ተጋፉ፤ ሴት ልጆችም ገቡ፣ ማንም አልከለከላቸውም። ጃኬታቸውን አውልቀው እኔ ላይ ከመሩት። እንደ ጥንቱ ልብስ ታቅፌ ዳር ቆምኩ። አባባም ከጎኔ ምርኩዛቸውን በደኅናው በኩል ይዘው ቆመዋል። ዱላው አልተሰበረም። ቅንድቡ የተተረተረም የለም፤ የአንድ ልጅ ጣት ብቻ አበጠ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ነከርኩት።

ሊጨልም ሲል የልጅ ልጄ እያለከለከ መጣ። ላብ ያራሰውን ዱላ ወደ እኔ ዘረጋና «እማማ፣ አንዴ ምቺ» አለኝ። ሰው ያየኛል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አባባ ጃኬቶቹን ከእጄ ተቀበሉኝ።

ሩሯ ብዙ አልሄደችም፤ ሦስት አራት እርምጃ ተንከባላ ቆመች። ዱላው ግን መዳፌ ውስጥ ሲነዝር ተሰማኝ። በዚህ ዓመትም ገና እየደረሰ ነው። ልጁ ለጓደኛው አንድ አዝዞኛል፤ ቆጡ ላይ ሁለት ወይራ ደርቀው ይጠብቁኛል።